ላፓሮስኮፕ

ላፓሮስኮፕ ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ የሆድ ዕቃን ውስጥ ለማየት የሚያገለግል ቀጭንና ረጅም የሕክምና መሣሪያ ነው። ሐኪሙ መሣሪያውን እምብርት አካባቢ በምትከፈት ትንሽ ቀዳዳ ያስገባል። በጫፉ ያለው ሌንስ የሚያየው ምስል በካሜራ አማካይነት በስክሪን ላይ ይታያል። በዚህ መሣሪያ የሚደረገው ምርመራ ወይም ቀዶ ሕክምና ላፓሮስኮፒ ይባላል። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው «በካሜራ የሚሠራ ኦፕሬሽን» ብሎ ያውቀዋል።

ላፓሮስኮፕ ብቻውን የሚሠራ መሣሪያ አይደለም። የብርሃን ምንጭ፣ ካሜራ፣ ስክሪን፣ ጋዝ፣ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ፣ ከጀርም የማጽጃ ዘዴና የሠለጠነ ቡድን ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሌላው ሁሉ ቢኖርም ሥራው ይቆማል። ስለዚህ መሣሪያው በሀብታም አገሮች የዕለት ተዕለት ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ እንደ አርሲ ባሉ ከዋና ከተማ ውጭ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች አጠቃቀሙ የራሱ ጥያቄዎች አሉት።

ስያሜ

ቃሉ ከሁለት የግሪክ ቃላት የመጣ ነው። «ላፓራ» በጎድን አጥንትና በዳሌ መካከል ያለውን ለስላሳ የጎን ክፍል ሲያመለክት «ስኮፔኦ» ማየት ወይም መመልከት ማለት ነው። በአማርኛ የተለመደ ምትክ ቃል ስለሌለው የሕክምና ባለሙያዎች «ላፓሮስኮፕ» የሚለውን እንዳለ ይጠቀሙበታል።

ላፓሮስኮፕ ከኢንዶስኮፕ ዓይነቶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ጨጓራን ለማየት በአፍ ከሚገባው ወይም ትልቁን አንጀት ለማየት በፊንጢጣ ከሚገባው ተጣጣፊ መሣሪያ ይለያል። እነዚያ በተፈጥሮ ቀዳዳ ገብተው የአካል ክፍሉን ከውስጥ ያያሉ። ላፓሮስኮፕ ግን በቆዳ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ገብቶ አንጀትን፣ ጉበትን ወይም ማህፀንን ከውጭ በኩል ያያል።

ክፍሎች

የተለመደው ላፓሮስኮፕ የማይታጠፍ የብረት ዘንግ ነው። ርዝመቱ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 10 ሚሊሜትር ነው። በዘንጉ ውስጥ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ብርሃንን ወደ ሆድ ውስጥ የሚወስዱ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች ናቸው። ሌላው ምስሉን ወደ ውጭ የሚያመጡ ተከታታይ ሌንሶች ናቸው። በአንዳንድ አዳዲስ ዓይነቶች ግን የካሜራው ቺፕ በዘንጉ ጫፍ ላይ ስለሚቀመጥ የሌንሶቹ ሰንሰለት አያስፈልግም።

የጫፉ አቅጣጫ ይለያያል። 0 ዲግሪ የሆነው ፊት ለፊት ብቻ ያያል። 30 ወይም 45 ዲግሪ የሆነው ወደ ጎን ስለሚያይ ሐኪሙ ዘንጉን በማዞር ብቻ ከአንድ የአካል ክፍል ጀርባ ያለውን መመልከት ይችላል።

አብረውት የሚሠሩት ዋና ዋና ዕቃዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• የብርሃን ምንጭ፦ የዜኖን፣ የሃሎጅን ወይም የኤልኢዲ መብራት። አምፖሉ ከታካሚው ርቆ ይቀመጥና ብርሃኑ በገመድ ይመጣል።
• ካሜራና ስክሪን፦ ምስሉን ለቡድኑ በሙሉ ያሳያሉ።
• የጋዝ መንፊያ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በተመጠነ ግፊት ወደ ሆድ ይልካል።
• ትሮካር፦ በሆድ ግድግዳ ላይ የሚተከል ቱቦ ሲሆን መሣሪያዎቹ የሚገቡትና የሚወጡት በእርሱ ነው። ጋዙ እንዳያመልጥ የሚያግድ ክዳን አለው።
• የሥራ መሣሪያዎች፦ ረጃጅም መቆንጠጫዎች፣ መቀሶች፣ የመርፌ መያዣዎችና ደም የሚያቆሙ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መሣሪያዎች።

አሠራር

በተለመደው ሁኔታ የሆድ ግድግዳ አንጀት ላይ ተለጥፎ ስለሚገኝ ካሜራ ቢገባም የሚያይበት ክፍት ቦታ የለም። ስለዚህ ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ከተሰጠው በኋላ መጀመሪያ ሆዱ በጋዝ ይነፋል። ጋዙ የሚገባው በልዩ መርፌ ወይም ሐኪሙ በዓይኑ እያየ በሚከፍታት ትንሽ ቀዳዳ ነው። በአዋቂ ሰው ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ይህ የደም ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው።

የሚመረጠው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ በአምቦ ውኃና በለስላሳ መጠጦች ውስጥ የሚፍለቀለቀው ጋዝ ሲሆን ለሕክምና የሚውለው ግን ንጽሕናው የተረጋገጠ መሆን አለበት። የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስለማይቀጣጠል በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መሣሪያዎችን በሆድ ውስጥ መጠቀም ይቻላል። ሁለተኛ፣ በደም ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ ወደ ሳንባ ሄዶ በትንፋሽ ይወጣል። ተራ አየር ግን በደም ሥር ውስጥ ከገባ ቶሎ ስለማይሟሟ የደም ዝውውርን ሊዘጋ ይችላል።

ሆዱ ከተነፋ በኋላ ትሮካር ይተከልና ላፓሮስኮፑ ይገባል። ሌንሱ ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሞቃት ሆድ ሲገባ በጉም ስለሚሸፈን አስቀድሞ በሞቀ ንጹሕ ውኃ ይሞቃል። ከዚያ ሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች በካሜራው እየታዩ ይከፈታሉ። አንድ ረዳት ካሜራውን ይይዛል፤ ሐኪሙ ስክሪኑን እያየ በሁለት እጁ ይሠራል።

ይህ አሠራር ልዩ ሥልጠና ይጠይቃል። መሣሪያው በቆዳው ላይ እንደ ምሰሶ ስለሚዞር የሐኪሙ እጅ ወደ ግራ ሲሄድ የመሣሪያው ጫፍ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በተራ ስክሪን ላይ የሚታየው ምስል ጥልቀት የለውም። ሐኪሙም የአካል ክፍሉን በጣቱ ዳሶ ሊለየው አይችልም። በክፍት ቀዶ ሕክምና የተካነ ሐኪም ሁሉ ወዲያውኑ በላፓሮስኮፕ መሥራት የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አገልግሎት

ላፓሮስኮፕ ለምርመራም ለሕክምናም ይውላል። በስፋት ከሚሠራባቸው ሕክምናዎች መካከል የሐሞት ጠጠር ያለበትን የሐሞት ከረጢት ማውጣት፣ የታመመ ትርፍ አንጀትን ማውጣት፣ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናን ማከም፣ በኦቫሪ ላይ የወጣ ውኃ የቋጠረ እብጠትን ማስወገድና የማህፀን ቱቦን መቋጠር ይገኛሉ። ልጅ መውለድ ባልቻሉ ሴቶች ላይ የማህፀን ቱቦዎች ክፍት መሆናቸውን ለማወቅም ይጠቅማል።

በምርመራ በኩል በኢትዮጵያ ትልቅ ትርጉም ያለው የሆድ ዕቃ ቲቢ ነው። ይህ በሽታ በሆድ ውስጥ ውኃ እንዲጠራቀም ስለሚያደርግ ከካንሰርና ከጉበት በሽታ ጋር ይምታታል። በላፓሮስኮፕ የሆድ ዕቃ ሽፋኑን አይቶ ናሙና መውሰድ በሽታዎቹን ለመለየት ይረዳል። የቲቢ ታካሚ በመድኃኒት መዳን ስለሚችል ይህ ልዩነት ለታካሚው ወሳኝ ነው።

ጥቅምና ጉዳት

ዋናው ጥቅም የቁስሉ ማነስ ነው። በክፍት ቀዶ ሕክምና ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ሊሆን የሚችለው ስንጥቅ በላፓሮስኮፕ ከ5 እስከ 12 ሚሊሜትር በሆኑ ጥቂት ቀዳዳዎች ይተካል። ስለዚህ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቁስል የማመርቀዝ ዕድሉ ያንሳል፣ ታካሚውም ቶሎ ይነሳል። የሐሞት ከረጢት በላፓሮስኮፕ የወጣለት ሰው ችግር ካልገጠመው ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጉዳትም አለው። መጀመሪያ መርፌው ወይም ትሮካሩ ሲገባ አንጀት ወይም ትልቅ የደም ሥር ሊወጋ ይችላል። ጋዙ ድያፍራምን ስለሚገፋ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለጥቂት ቀናት ትከሻ ላይ ሕመም ሊሰማ ይችላል። በሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የሐሞት ቱቦ በስህተት ሊቆረጥ የሚችልበት አደጋ አለ። ከባድ የልብ ወይም የሳንባ በሽታ ያለባቸው ሰዎች የጋዙን ግፊት ላይቋቋሙት ይችላሉ።

ደም መፍሰስ ሲያስቸግር ወይም የአካል ክፍሎቹ በግልጽ አልታይ ሲሉ ሐኪሙ ሆዱን በመክፈት ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ታካሚው አስቀድሞ ሊነገረውና ሊስማማበት የሚገባ ውሳኔ ነው እንጂ እንደ ውድቀት አይቆጠርም። ስለዚህ ላፓሮስኮፒ የሚሠራበት ቦታ ሁሉ ክፍት ቀዶ ሕክምናም ወዲያውኑ መሥራት መቻል አለበት።

ታሪክ

የሰውን አካል ውስጥ በብርሃን ለማየት የተደረገው ሙከራ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 ጀርመናዊው ሐኪም ፊሊፕ ቦትሲኒ የሻማ ብርሃን በመስታወት የሚመልስ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በ1870ዎቹ መጨረሻ ማክሲሚሊያን ኒትዘ የሽንት ፊኛን ለማየት የሚያገለግል ሌንስ ያለው መሣሪያ አዘጋጀ።

በ1901 ጌኦርግ ኬሊንግ የኒትዘን መሣሪያ ተጠቅሞ በአየር የተነፋ የውሻ ሆድ ውስጥ ማየት እንደሚቻል በሐምቡርግ በተደረገ ጉባኤ ላይ አሳየ። በዚያው ዓመት ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኦት በትንሽ ስንጥቅና በመስታወት በሚመለስ ብርሃን የሴቶችን ሆድ ዕቃ የማየት ዘዴውን ገለጸ። በ1910 ስዊድናዊው ሐኪም ሐንስ ክርስቲያን ያኮቤዩስ ዘዴውን በሰዎች ላይ መጠቀሙን አሳተመ። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ በሆዳቸው ውኃ የተጠራቀመባቸው ነበሩ።

በ1938 የሀንጋሪው ሐኪም ያኖሽ ቬሬሽ ጫፏ ተመላሽ የሆነች መርፌ አስተዋወቀ። መርፌዋ የተሠራችው ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ አየር ወደ ደረት ለማስገባት ነበር። ዛሬ ግን በመላው ዓለም ሆድን በጋዝ ለመንፋት ታገለግላለች። በ1950ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ በዘንጉ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ሌንሶች በረጃጅም የመስታወት ዘንጎች ተካቸው። በዚህም ምስሉ እጅግ ደማቅና ጥርት ያለ ሆነ። የጀርመኑ አምራች ካርል ሽቶርዝ ይህን ፈጠራ ከመስታወት ክር ብርሃን ጋር አጣምሮ ለገበያ አቀረበው።

በ1980 ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም ኩርት ዜም ትርፍ አንጀትን ለመጀመሪያ ጊዜ በላፓሮስኮፕ አወጣ። በ1985 ኤሪክ ሙኸ የሐሞት ከረጢትን በዚሁ መንገድ አወጣ። ሁለቱም በወቅቱ ከሙያ ባልደረቦቻቸው ብርቱ ትችት ደርሶባቸዋል። በ1987 ፊሊፕ ሙሬ በሊዮን ከተማ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ግን ዘዴው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአውሮፓና በአሜሪካ ተስፋፋ። ለመስፋፋቱ ትልቁ ምክንያት ትንሿ የቪዲዮ ካሜራ ነበረች። ከካሜራ በፊት ሐኪሙ አንድ ዓይኑን በመሣሪያው ላይ አስጠግቶ ብቻውን ያይ ነበር። ከካሜራ በኋላ ግን ረዳቱም፣ ነርሷም፣ ተማሪውም አንድ ምስል ማየት ቻሉ።

ላፓሮስኮፕ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የላፓሮስኮፕ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው የሚሠራው በአዲስ አበባ በሚገኙ የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎች ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ብዙ ሆስፒታሎች የሐሞት ከረጢትና የትርፍ አንጀት ሕክምና የሚሰጠው በክፍት ቀዶ ሕክምና ነው።

የጤና ሚኒስቴር የቀዶ ሕክምና አገልግሎትን ለማሻሻል እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የሚዘልቅ «ሳልትስ» የተባለ ብሔራዊ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ኢትዮጵያ የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አባል ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰዎች ደህንነቱ የተጠበቀና አቅማቸው የሚፈቅደው የቀዶ ሕክምና እንደማያገኙ አመልክቷል። ከዚህ አንጻር በውስን በጀት አስቀድሞ መሠረታዊውን ክፍት ቀዶ ሕክምና ማስፋፋት ይገባል ወይስ ላፓሮስኮፒንም አብሮ ማስጀመር የሚለው ክርክር የሚነሳ ነው።

ላፓሮስኮፕን ለመጠቀም የሚያስቸግሩ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፦

• ኤሌክትሪክ፦ በክፍት ቀዶ ሕክምና መሐል መብራት ቢጠፋ ሐኪሙ በባትሪ መብራት ሥራውን መጨረስ ይችል ይሆናል። በላፓሮስኮፒ ግን ስክሪኑ ሲጠፋ ሐኪሙ ምንም አያይም። ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለውን ክፍተት የሚሞላ ባትሪ የግድ ያስፈልጋል።
• ጥገናና መለዋወጫ፦ የብርሃን ገመድ በጣም ሲታጠፍ ክሮቹ ይሰበራሉ፤ የሌንስ ዘንግ ሲወድቅ ይሰነጠቃል፤ አምፖል ያልቃል። በእርዳታ የመጣ ሙሉ መሣሪያ በአንድ አምፖል ወይም ማገናኛ እጦት ሊቆም ይችላል።
• ጋዝ፦ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደር መቅረብና ባዶው ተመልሶ መሞላት አለበት።
• የአንድ ጊዜ ዕቃዎች፦ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጣሉ ትሮካሮች ወጪን ይጨምራሉ። ታጥበው ደግመው የሚያገለግሉ የብረት ትሮካሮች ግን አሉ።
• ሥልጠና፦ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን የማደንዘዣ ባለሙያው፣ ነርሷና የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያውም መሠልጠን አለባቸው።

በአሰላና በአርሲ ደጋ

አሰላ በኦሮሚያ ክልል የአርሲ ዞን ዋና ከተማ ናት። በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአዳማ በኩል ከአዲስ አበባ በመንገድ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በከተማዋ ያለው የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ነው። በስተደቡብ ያለችው በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ይህ ከፍታ በላፓሮስኮፒ ላይ በሁለት በኩል ለውጥ ያመጣል።

የመጀመሪያው ማደንዘዣን ይመለከታል። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን በአሰላ ከፍታ ወደ 565 ይወርዳል። ስለዚህ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ግፊትም ከ160 ወደ 118 ገደማ ይቀንሳል። ላፓሮስኮፒ በሚደረግበት ጊዜ ጋዙ ድያፍራምን ወደ ላይ ስለሚገፋ ሳንባ የሚሰፋበት ቦታ ይጠብበታል፤ የደም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይጨምራል። በመሆኑም በደጋ ከተማ በቂ ኦክስጅን፣ የመተንፈሻ ማሽንና የደም ኦክስጅን መለኪያ ሳይኖር ላፓሮስኮፒ መጀመር አይገባም። የጋዝ መንፊያው ራሱ ግን በከፍታ ምክንያት ልዩ ማስተካከያ አይፈልግም። የሚለካው በሆድ ውስጥና በውጭ አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ስለሆነ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በአሰላም በባሕር ዳርቻም ሆድን እኩል ይነፋል።

ሁለተኛው ከጀርም ማጽዳትን ይመለከታል። በአሰላ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በደጋ ባቄላ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደውም በዚሁ ምክንያት ነው። መሣሪያን በማፍላት ብቻ ከጀርም ማጽዳት በየትኛውም ቦታ አይበቃም፤ በደጋ ደግሞ ይብስ ያንሳል። ኦቶክሌቭ በግፊት እንፋሎትን 121 ዲግሪ ለማድረስ አጠቃላይ ግፊቱ 2.05 ባር ገደማ መሆን አለበት። በባሕር ጠለል የውጭ አየር 1.01 ባር ስለሚሰጥ የግፊት መለኪያው 1.04 ባር ሲያሳይ ሙቀቱ ይደርሳል። በአሰላ ግን የውጭ አየር የሚሰጠው 0.75 ባር ብቻ ነው። መለኪያው 1.04 ባር ላይ ቢቆም በውስጥ ያለው ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። 121 ዲግሪ ለማግኘት መለኪያው ወደ 1.3 ባር ማሳየት አለበት። ሙቀትን በቀጥታ የሚቆጣጠሩ ዘመናዊ ኦቶክሌቮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። በግፊት መለኪያ ብቻ የሚሠሩ አሮጌ ኦቶክሌቮች ግን በባለሙያ መስተካከልና በሙቀት አመልካች መፈተሽ ይኖርባቸዋል።

ላፓሮስኮፑ ራሱ ኦቶክሌቭ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አምራቹ መፍቀዱን ማረጋገጥ ይገባል። ሁሉም ዓይነት ሙቀትን አይችልም። ሙቀት የማይችለው እንደ ግሉታራልዴሃይድ ባለ ኬሚካል ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ተነክሮ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ከሁሉም በፊት ግን መታጠብ አለበት፤ ደም የደረቀበትን መሣሪያ ኬሚካሉም እንፋሎቱም በሚገባ አያጸዳውም።

የአንጀት መጠማዘዝና የመሣሪያው ገደብ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለድንገተኛ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከሚያደርሱ በሽታዎች አንዱ የታችኛው ትልቅ አንጀት መጠማዘዝ ነው። አንጀቱ በራሱ ላይ ሲጠማዘዝ ይዘጋል፣ ሆድ ይነፋል፣ ሰገራና ፈስ ይቆማል። የደም ዝውውሩ ከተቋረጠ ደግሞ አንጀቱ ይበሰብሳል። ተመራማሪዎች በሽታውን ከረጅም አንጀትና አሰር ከበዛበት አመጋገብ ጋር ያያይዙታል።

ይህ በሽታ ላፓሮስኮፕ ሁሉን እንደማይፈታ ጥሩ ምሳሌ ነው። በነፋስ የተወጠረው አንጀት ሆዱን ስለሚሞላ ለካሜራ የሚተርፍ ቦታ የለም፤ የተወጠረውን አንጀት መውጋትም ቀላል ነው። አንጀቱ የመበስበስ ምልክት ካላሳየ መጀመሪያ በፊንጢጣ በሚገባ ሲግሞይዶስኮፕ በተባለ ቀላል መሣሪያ ቱቦ ይገባና አየሩ ይወጣል። አንጀቱ ከበሰበሰ ግን ሆዱ ወዲያውኑ ይከፈታል። በሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ ሆዱ ከተረጋጋ በኋላ በቀጠሮ የሚደረገውን አንጀት የመቁረጥ ሥራ ግን የሠለጠነ ቡድን በላፓሮስኮፕ ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ ከበቆጂ ወይም ከሳጉሬ ሆዱ ተነፍቶ ለሚመጣ ታካሚ ሕይወቱን የሚያተርፈው ቶሎ መድረሱና ክፍት ቀዶ ሕክምና ማግኘቱ ነው።

በአንጻሩ ላፓሮስኮፕ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው በቀጠሮ በሚሠሩ ሕክምናዎች ላይ ነው። ኑሮው በስንዴና በገብስ እርሻ ላይ ለተመሠረተ ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሳምንታት ከባድ ዕቃ አለማንሳት የአንድ ወቅት እርሻ ወይም አጨዳ ማጣት ሊሆን ይችላል። ታካሚው ቶሎ ሲነሳ አስታማሚውም ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሕክምናውን ለማግኘት አዲስ አበባ መሄድ ካስፈለገ ግን የትራንስፖርትና የማረፊያ ወጪው ይህን ጥቅም ይሸረሽረዋል።

አነስተኛ ወጪ ያላቸው አማራጮች

በሕንድ ገጠራማ አካባቢዎች ያለ ጋዝ የሚሠራ ላፓሮስኮፒ ተሞክሯል። በዚህ ዘዴ የሆድ ግድግዳ በጋዝ ፈንታ በብረት ማንሻ ወደ ላይ ይሳባል። የጋዝ ሲሊንደርና መንፊያ ስለማያስፈልጉ ወጪው ይቀንሳል፤ ለአንዳንድ ታካሚዎችም በጀርባ አጥንት በሚሰጥ ማደንዘዣ መሥራት ይቻላል። የሚገኘው የመሥሪያ ቦታ ግን በጋዝ ከሚገኘው ይጠባል።

በሥልጠና በኩል ደግሞ ከካርቶን የተሠራ ሳጥንና የስልክ ካሜራ በመጠቀም የእጅ ልምምድ ማድረግ ይቻላል። ሳጥኑ እንደ ሆድ፣ ስልኩ እንደ ላፓሮስኮፕ ያገለግላል። ከማህፀን ውጭ እርግዝናን በላፓሮስኮፕ ለማከም የሚያሠለጥነው «ኦል-ሴፍ» የተባለው ፕሮግራም በኢትዮጵያና በካሜሩን ባለሙያዎች ተሳትፎ የተሞከረ ነው። ይህ ዓይነቱ ልምምድ ሐኪሞች ከመሥሪያ ቤታቸው ሳይርቁ እጃቸውን እንዲያፍታቱ ይረዳል።

ደግሞ ይዩ

• ኢንዶስኮፕ
• ቀዶ ሕክምና
• ማደንዘዣ
• ኦቶክሌቭ
• ትርፍ አንጀት
• አሰላ
• አርሲ ዩኒቨርሲቲ